የሰባት ቁጥሩ ድምፅ

አባቴ ፊደል አልቆጠረም፤ እኔ ቆጥሬያለሁ። የምነግራችሁ ጉድ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው። ደግሞ ጎልፍ የሚል ቃል ስታዩ «ይሄማ የሀብታም ወሬ ነው» ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት፤ ጨዋታውን ላስተምራችሁ አልተነሳሁም። የምነግራችሁ ስለ አንድ ቀን ነው። ከዚያ ቀን በፊት የነበረው እኔ ዛሬ መንገድ ላይ ቢያገኘኝ ሰላም የሚለኝ አይመስለኝም፤ እኔም አልለውም።

ያኔ ማን ነበርኩ? ወላይታ ውስጥ ከበዴሳ ወጣ ብሎ ካለች መንደር ተነስቼ አዲስ አበባ የገባሁ፣ ሊስትሮ የሠራሁ፣ ሲሚንቶ የተሸከምኩ፣ በኋላ አንድ የአገሬ ልጅ እጄን ይዞ ጎልፍ ሜዳ ያስገባኝ ሰው ነበርኩ። ሥራዬ የተጫዋቾችን የዱላ ቦርሳ መሸከም ነበር። ካዲ ይሉናል። ካዲ ሆኖ መጫወት የማይሞክር የለም፤ እኔ ደግሞ ሞክሬ አልቀረሁም። በስምንተኛው ዓመት ከካዲዎቹ መካከል የሚረታኝ ጠፋ። ናይሮቢ ላይ ለሚደረግ ውድድር ከተመረጡት ሁለት ሰዎች አንዱ ሆንኩ፤ ጥሩ ውጤት ካመጣሁም አሠልጣኝ ሆኜ እንደምቀጠር ተነገረኝ። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለኝ! ልቤ አብጦ ነበር፣ አልዋሻችሁም።

አንድ ሌላ ነገርም ልናዘዝ። «አባትህ ምን ይሠራል?» ሲሉኝ «ገበሬ ነው» እላለሁ። አባቴ ገበሬ አይደለም። ቀጥቃጭ ነው። በእኛ አገር ቀጥቃጭ መባል ምን እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ። መቆፈሪያውን፣ ማጭዱን፣ ቢላውን ከእጁ ይወስዳሉ፤ ሴት ልጃቸውን ግን አይድሩለትም። እኔም ያንን ስም ከዘጠኝ ዓመት በፊት አውቶቡስ ስሳፈር መናኸሪያው ላይ ትቼው የሄድኩ መስሎኝ ነበር።

ወደ ዱላዎቹ ልምጣ። ስድስት ዓመት ቦርሳውን የተሸከምኩለት አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ አገሩ ሊገባ ሲነሳ ቤቱ ጠራኝና ሁለት ዓይነት ዱላዎች ሣሩ ላይ ዘረጋልኝ። ጭንቅላታቸው ብረት የሆኑትን ነው የምላችሁ፤ በቁጥር ነው የሚጠሩት። ትንሹ ቁጥር ኳሷን ሩቅ ይወስዳታል፣ ትልቁ ቁጥር ከፍ አድርጎ ቅርብ ያወርዳታል። የአንዱ ዓይነት ጀርባ የተቦረቦረ፣ እግሩ ወፍራም ነው። ሌላኛው ቀጭን፣ ጀርባው ድፍን፣ የሚያብረቀርቅ ነው።

«ምረጥ» አለኝ። «የተቦረቦረው ስህተትህን ይሸፍንልሃል። ቀጭኑ ምንም አይሸፍንልህም፤ ያጠፋኸውን ሁሉ እጅህ ላይ ይነግርሃል።»

«ቀጭኑን» አልኩ ሳላመነታ።

«ለምን?»

«ኳሷን ወደፈለግኩት ጎን ማጠፍ እፈልጋለሁ። ነፋስ ሲኖር ዝቅ አድርጌ መላክ እፈልጋለሁ። ወፍራሙ እንደፈለገ ይልካታል እንጂ እኔን አይሰማኝም።»

ሳቀ። ምርጫዬን ወደደልኝ። «ይሄኛው ተቀጥቅጦ የተሠራ ነው» አለኝ። «ሌላው ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ነው። አንተ ረጅም ነህ፤ የተቀጠቀጠውን አንገቱን ትንሽ አስጎንብሰህ በቁመትህ ልክ ልታስደርገው ትችላለህ። የፈሰሰውን ግን እንዳትሞክር። አይታጠፍም፤ ይሰበራል።» ይህችን ያዙልኝ። እኔ ሰምቻታለሁ። በጆሮዬ፣ በቀን፣ በደህና ጤናዬ ሰምቻታለሁ።

ቀጭኖቹ ግን ስድስት ብቻ ናቸው፤ ሰባት ቁጥሩ የለም፤ ሽማግሌው ከዓመታት በፊት ጥሎታል። ሰባት ቁጥር ደግሞ የእኔ ነፍስ ነው፤ ሲጨንቀኝ እጄ የሚሄደው ወደ እሱ ነው። አብሮኝ ካዲ የሚሠራ ብሩክ የሚባል ጓደኛዬ ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ አንድ ሰባት ቁጥር አመጣልኝ። ቅርጹ ያው፣ ምልክቱ ያው፣ ጀርባው ላይ ተቀጥቅጦ መሠራቱን የሚናገረው የእንግሊዝኛ ጽሑፍም ያው። ደስ አለኝ። ሜዳ ወጥቼ ስመታበት ግን ሌሎቹ ኳሷን «ጡፍ» አድርገው ሲልኳት፣ ይሄኛው «ቂው» ብሎ እስከ ክርኔ ድረስ ያቃጥለኛል።

«ብሩኬ፣ ይሄ ነገር ይቆነጥጣል» አልኩት።

«ትለምደዋለህ» አለኝ።

ለመድኩት። ወይም የለመድኩት መስሎኝ ዝም አልኩ።

ቀጭኖቹ ለእኔ ቁመት ስላልተስተካከሉ ስመታባቸው የፊት ጫፋቸው መሬት ይነክሳል፣ ኳሷም ወደ ቀኝ ትሸሻለች። ያንን የሚያስተካክል መሣሪያ ፈልጌ አጣሁ። አንድ ጋራዥ ወሰድኳቸው፤ ባለሙያው አገላብጦ አያቸውና «እንዲህ ዓይነት ዕቃ አበላሽቼ ከማን ልጣላ?» ብሎ መለሰልኝ። አባቴ ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። ልብ በሉ፤ ናፍቆኝ አይደለም፣ ፈልጌው ነው።

መንደር የደረስኩት ከሰዓት በኋላ ነው። እናቴ ካረፈች አራት ዓመቷ ነው፤ አባቴ ብቻውን ነው የሚኖረው። መሥሪያው ከእንሰቱ ጀርባ ያለች ግድግዳ የሌላት ዳስ ናት። ወናፉ፣ ብረት የሚቀጠቅጥበት መስፉ፣ የሚቀመጥበት ግንድ፣ ከአንድ የፈረሰ ወፍጮ ቤት ያገኛት ብረት ጨብጣ የምትይዝ አሮጌ ሞርሳ፣ ሁሉም በቦታው ነው። ከሁምቦ የመጣ አንድ ገበሬ መቆፈሪያ እያስጠገነ አገኘሁት። አባቴ ቀና ብሎ አየኝና «ታ ናዓው» አለኝ፤ ልጄ ማለት ነው። ከዚያ መልሶ ወደ ሰውዬው ዞረ። ሥራ ይዞ ሰው አያቅፍም።

«ቁም» አለው ሰውዬውን። «ቆፍር።»

ሰውዬው ሦስት ጊዜ መሬቱን መታ። አባቴ የሚያየው መሬቱን አይደለም፣ የሰውዬውን ጀርባ ነው።

«አፈርህ ድንጋይ አለበት?»

«የሁምቦ አፈር! ድንጋይ ብቻ ነው እንጂ።»

«ታዲያ ይሄን ያህል ካጎነበስክ በሁለተኛው ቀን ወገብህ ይበጠሳል።» ብረቱን አሞቀው፣ አንገቱን በትንሹ ከፈተው፣ እንደገና አስቆፈረው። ሰውዬው ቀና ብሎ ቆፈረ። ይህንን ልጅ ሆኜ ሺህ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ለረጅም ሰው፣ ለአጭር ሰው፣ ለግራኝ፣ ላረጀ ሰው መቆፈሪያ ሲያስተካክል። አዲስ አበባ ላይ ሳጣው የከረምኩት ሙያ ከአባቴ ዳስ ውስጥ እንዳለ ያየሁት ያን ዕለት ነው። ሳልኮራበት ማለፌ ዛሬም ያናድደኛል።

የተቀቀለ ቦይና፣ የአገራችንን ሥራ ሥር፣ ከዳጣ በርበሬ ጋር አቀረበልኝ፤ በላን። ዱላዎቹን አውጥቼ አሳየሁት። (የምንነጋገረው በወላይትኛ ነው፤ እዚህ በአማርኛ ነው የማስቀምጥላችሁ።) አንድ በአንድ በእጁ መዘነ።

«ለምንድን ነው የሚያገለግለው?»

«ኳስ ለመምታት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ኳሷን ተከትሎ ሄዶ እንደገና ለመምታት።»

ጥቂት አሰበ። «ይከፍሉሃል?»

«ካሸነፍኩ።»

«ሎዖ» አለ፤ ጥሩ ነው ማለቱ ነው። ሌላ አልጠየቀም።

በማግስቱ ጠዋት ሥራ ጀመርን። አባቴ አንድ ሳንቃ መሬት ላይ አንጋሎ ጥቀርሻ ቀባውና «ከዚህ ላይ ምታ» አለኝ። መታሁ። ብረቱን ገልብጦ እግሩን አየ፤ ጥቀርሻው የተለጠፈው ወደ ጫፉ ብቻ ነው። «አየህ? ተረከዙ አየር ላይ ነው። ይሄን ያሠራው ሰው ካንተ ያጥራል» አለ። በውጭ አገር በስንት መሣሪያ የሚለካውን በጥቀርሻ ለካው። ቆሜ አፌን ከፍቼ ነው ያየሁት።

ቀጥሎ የመጀመሪያውን ዱላ ጭንቅላቱን በቁራጭ ቆዳ ጠቅልሎ በሞርሳ አሰረ፤ ከማሰሩ በፊት ግን በትንሿ መዶሻ ነካ አድርጎ ጆሮውን አስጠጋ። ውስጡ ባዶ የሆነ ረጅም የብረት ቱቦ አንገቱ ላይ አጥልቆ ቀስ ብሎ ሳበው። ብረቱ እሺ አለ። ጥቀርሻ፣ መምታት፣ ማየት፣ እንደገና ትንሽ መሳብ። ጥቀርሻው መሐል ላይ ሲያርፍ «ያንተ ሆነ» ይላል። ግጦሹ ሜዳ ላይ ወጥቼ ኳስ መታሁበት፤ እንደ ክር ቀጥ ብላ ሄደች። እንዲህ እያልን ስድስቱን ጨረስን። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ናይሮቢን በዓይኔ አየኋት።

ሰባት ቁጥሩን አንስቶ በትንሿ መዶሻ ነካው። ቆም አለ። እንደገና ነካው። ከጨረስናቸው አንዱን አነሳና እሱንም ነካ፤ ከዚያ ወደ ሰባት ቁጥሩ ተመለሰ።

«ይሄ የእነዚህ ወንድም አይደለም» አለ።

«እንዴት?»

«ድምፁ። እነዚህ ተመትተዋል። ይሄ መዶሻ አያውቅም። ፈሶ ነው የተሠራው።»

እናንተዬ፣ እጄ ያውቅ ነበር! ያ «ቂው» የሚለው፣ እስከ ክርኔ የሚያቃጥለኝ ነገር ምን እንደሆነ እጄ ያውቅ ነበር። የሽማግሌውም ቃል ጆሮዬ ላይ ነበር። ነገር ግን ሰባት ቁጥሩ ፈሳሽ ከሆነ ናይሮቢ ያለ ሰባት ቁጥር ልሄድ ነው፤ ወይም ባልተስተካከለ። ያን ጊዜ ሌላ ነገርም ተሰማኝ፤ ንዴት ነው። በሰው ፊት ገበሬ ነው የምለው አባቴ፣ በዕድሜው የጎልፍ ኳስ አይቶ የማያውቅ ሰው፣ ስለ ጎልፍ ዱላ ሊያስተምረኝ!

«አባ፣ እዚህ ተጽፏል እኮ» አልኩት። ጀርባውን አዙሬ ጽሑፉን በጣቴ አሳየሁት። «ተቀጥቅጦ የተሠራ ነው ይላል።»

ጎንበስ ብሎ አየው። ምን ያያል? ሌላ ሰው ጭረት እንደሚያይ ነው የሚያየው።

«ተጽፏል?»

«ተጽፏል።»

«ማን ነው የጻፈው?»

«የሠራው ፋብሪካ።»

አውራ ጣቱን በጽሑፉ ላይ አመላለሰ። አባቴ በዕድሜው ሙሉ የተጻፈ ነገር ፊት ሲቆም ባርኔጣውን የሚያወልቅ ሰው ነው። የቀበሌ ወረቀት፣ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ የመቃብር ድንጋይ፣ ሁሉም ለእሱ አንድ ነው፤ የጻፈው ሰው አውቆ ነው የጻፈው። እኔንም ያስተማረኝ ለዚህ ነበር፤ በመዶሻ የሰበሰበውን ለደብተር አውጥቶ።

«የሠራው ሰው ከጻፈ እንግዲህ እሱ ያውቃል» አለና ሞርሳው ላይ አሰረው።

ሳበው። አልተንቀሳቀሰም። እግሩን ተክሎ ሳበው። አሁንም የለም።

«ፍም ውስጥ ትንሽ ላስገባው?»

«አይሆንም! ዘንጉ የተያያዘበት ማጣበቂያ ይቀልጣል።»

«እንግዲያው ተወው፣ ታ ናዓው። በስድስቱ ተጫወት።»

«አባ፣ ያለ ሰባት ቁጥር የምሄደው ምን ልሠራ ነው? አንድ ጊዜ በመዶሻ ብትለው እኮ እሺ ይላል!»

አየኝ። ያንን አስተያየት እስክሞት አልረሳውም። ክፉ አስተያየት አልነበረም። ልጁ የተማረ መሆኑን እያየ ነበር። መዶሻውን አነሳ።

«ትንሽ ፈቀቅ በል» አለኝ። እኔን ነው ፈቀቅ ያደረገው።

የመጀመሪያው ምት ምንም አላደረገም። በሁለተኛው ብረቱ ጮኸ፤ የዱላው ዘንግ ተፈናጥሮ እግሬ ሥር ወደቀ። «ተሰበረ!» ብዬ የጮህኩት ለዱላው ነው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ ያየሁት ዱላውን ነው። ቀና ስል አባቴ መዶሻውን ቀስ ብሎ መስፉ ላይ አስቀምጦ፣ በግራ እጁ የቀኝ ዓይኑን ይዞ፣ ግንዱ ላይ እየተቀመጠ ነበር።

«ውሃ ስጠኝ» አለ።

በጣቶቹ መካከል የሚወርደው እንባ አልነበረም።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ነው። ጎረቤታችን ነጠላዋን ቀዳ አሰረችለት። ሞተር ተገኘ፤ ነጂው ከፊት፣ አባቴ መሐል፣ እኔ ከኋላ ሆኜ በሁለት እጄ አቅፌው በዴሳ ድረስ ሄድን። ከሕፃንነቴ ወዲህ አባቴን አቅፌው አላውቅም ነበር። ጉድጓድ ላይ ሞተሩ በዘለለ ቁጥር ጥርሱ ሲፋጭ ይሰማኛል እንጂ አንድም ጊዜ አልጮኸም። «አባ በርታ፣ ደረስን፣ ደረስን» እያልኩ የምለፈልፈው እኔ ነኝ።

በዴሳ የሶዶው ሚኒባስ እስኪሞላ መጠበቅ ነበረብን። ረዳቱን ለመንኩት። ሰዎቹ አባቴን አይተው ከንፈራቸውን መጠጡ፤ አንዲት ሴት ልጇን አቅፋ ወደ ኋላ ወንበር ተዛውራ የፊቱን ቦታ ለእኛ ለቀቀች፣ ሹፌሩም ሳይሞላ ተነሳ። መንገድ ላይ አባቴ ጭንቅላቱን ወደ እኔ ዘንበል አደረገ።

«የተሰበረው አንገቱ ጋ ነው?»

«አዎ አባ። አሁን አትናገር፣ ዕረፍ።»

«ይዘኸዋል?»

የዱላውን ጭንቅላት ሳላስበው ከሞርሳው ፈትቼ ኪሴ ከትቼው ነበር። አወጣሁት።

«ውስጡ ምን ይመስላል?»

የተሰበረበትን ቦታ አየሁት። «ጥራጥሬ ጥራጥሬ ነው፤ እንደ አሸዋ።»

«ፈሳሽ ነው» አለ። ከዚያ በኋላ ሶዶ እስክንገባ ሌላ ቃል አልተናገረም። ምነው በሰደበኝ! ምነው «ነግሬህ አልነበረም ወይ?» ባለኝ! ሰው ሲሰድባችሁ ቢያንስ አብሯችሁ ነው። እሱ ግን ብረቱ ምን እንደሆነ ማወቅ ብቻ ነበር የፈለገው።

ከመናኸሪያው በባጃጅ ሆስፒታል ደረስን። ካርድ የምታወጣዋ ልጅ ስም ጠየቀችን፣ ዕድሜ ጠየቀችን።

«ሥራ?»

«ገበሬ» አልኩ። አስቤ አይደለም፤ አፌ ለምዶት ነው።

አባቴ በዚያ ሁሉ ሕመም ውስጥ ቀና አለ። «ቀጥቃጭ ነኝ» አለ በአማርኛ፤ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እስኪሰማ ድረስ። «ጻፍ። ቀጥቃጭ።»

ልጅቷ ጻፈች። እኔ መሬት መሬቱን ነው የማየው።

ዶክተሯ ከሰሜን ተመድባ የመጣች ወጣት ሴት ናት። አየችው፣ ፎቶ አስነሳችው፣ ሌላ ሐኪም ጠርታ አማከረች። ለረጅም ሰዓት ኮሪደር ላይ ተቀመጥኩ። የማልጸልየው ሰው ጸለይኩ፤ ናይሮቢም ትቅር፣ እጄም ትቆረጥ፣ ብቻ ዓይኑን አትርፍልኝ ብዬ። ከዚያ ዶክተሯ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ቆማ ብትነግረኝ ኖሮ ተስፋ ይኖረኝ ነበር፤ ስትቀመጥ አወቅኩ።

«የብረት ስንጣሪ ጠልቆ ገብቷል» አለችኝ። «ዓይናቸው ፈስሷል፤ ልናተርፈው አንችልም። ካልወጣ ደግሞ በኋላ ደህነኛውንም ሊያሳጣቸው ይችላል። መስማማታቸውን በወረቀት ማረጋገጥ አለባቸው። እኔ ነግሬያቸዋለሁ፤ ግን ወረቀቱን ልጄ ያንብብልኝ አሉ።»

ወረቀቱን ይዤ ገባሁ። አባቴ አልጋው ላይ በጀርባው ተኝቷል፤ ደህነኛው ዓይኑ ጣሪያውን ያያል።

«ምን ይላል?»

አንድ ገጽ ናት። ከላይ እስከ ታች አየኋት። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የተማርኩት ይህችን አንዲት ገጽ ለአባቴ ለማንበብ እንደነበር ተሰማኝ።

«የቀኝ ዓይኔ እንዲወጣ ተስማምቻለሁ፣ ይላል።»

«ተጽፏል?»

ትናንት በዚያው ድምፅ ነበር የጠየቀኝ ልላችሁ ነበር፤ ትናንት እንኳ አልነበረም፣ የዚያኑ ዕለት ጠዋት ነው።

«ተጽፏል፣ አባ።»

«እሺ። ጣቴን ያዘው።»

አውራ ጣቱን ቀለሙ ላይ አስነክቼ ወረቀቱ ላይ ጫንኩት። ጥቁር ነጥብ ብቻ ወጣ። እንደገና ሞከርን። አሁንም ነጥብ ብቻ። የአባቴ ጣት መስመር የለውም፤ ስንት ዓመት እሳትና ብረት ልጠውታል። ዶክተሯ አየችና «ይበቃል፣ ይበቃል አባቴ» አለችና ወረቀቱን ተቀበለችን።

አባቴ እጇን ያዛት። አማርኛው ሴትና ወንድ አይለይም። «ዶክተር፣ አንተ ጥሩ ልጅ ነህ» አላት። «እሱም ጥሩ ልጅ ነው። እሱን አትቆጣ።»

እኔ ወጥቼ ግድግዳው ላይ ጭንቅላቴን ደግፌ አለቀስኩ።

አባቴ ሆስፒታል በተኛበት ሰሞን ለብሩክ ደወልኩለት። ልሰድበው ነበር፤ የምጮህበት ሰው ፈልጌ ነበር።

«ሰባት ቁጥሩ ተመሳስሎ የተሠራ መሆኑን ታውቅ ነበር?» አልኩት።

«ሁላችንም እናውቅ ነበር» አለኝ ግራ ገብቶት። «አንተም የምታውቅ ነበር የመሰለን። ይቆነጥጣል ያልከኝ ራስህ አይደለህ እንዴ?»

ስልኩን ዘጋሁት። የምጮህበት ሰው አልነበረም።

ናይሮቢ ሌላ ልጅ ሄደ። መልካም ልጅ ነው፤ ስንተኛ እንደወጣ ግን አልጠየቅኩም። አባቴን ይዤ ወደ መንደር ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ በቀኝ በኩል፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ። ከተማውን ሳንለቅ «ዳሞታ የቱ ጋ ነው?» አለኝ። ተራራው በእሱው በኩል ነበር፤ ግን ባዶ በሆነው ጎኑ ነበር። አንገቱን ሙሉ በሙሉ አዙሮ አየው፣ አየው፣ ከዚያ ወደ ፊት ዞረ። ያን ቀን አዲስ አበባ እንደማልመለስ አወቅኩ። ማንም አልለመነኝም፤ እሱም «ሂድ» ብሎኝ ነበር።

አንድ ዓይን ያለው ቀጥቃጭ ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ። ብረቱ የት እንዳለ ያያል፣ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ግን አያውቅም። መዶሻው ከሚፈልገው ቦታ አንድ ጣት ያህል ይስታል። መጀመሪያ የሠራው ማጭድ ተጣመመ። ቀጥሎ ግራ እጁን መታ፤ ጥፍሩ ረገፈ። ሁለት የገበያ ቀን ሞከረና በሦስተኛው መዶሻውን ዘርግቶ ሰጠኝ። ተቀበልኩት።

አሁን የምመታው እኔ ነኝ። ጥሩ ቀጥቃጭ ነኝ ልላችሁ አልችልም። ኳስ ላይ የነበረኝ እጅ እሳት ፊት እንግዳ ነው። የድሮ ደንበኞቹ ግማሾቹ ከገበያ ፋብሪካ የሠራውን ይገዛሉ፤ አልፈርድባቸውም። ማን እንደሆንኩ የሚጠይቀኝ ሰው ካለ ቀጥቃጭ ነኝ እላለሁ፤ አንዳንዱ ፊቱን ያዞራል፣ ያዙር። ስድስቱ ዱላዎች አልጋዬ ሥር ናቸው። እንዲህ ሆኖ በልኬ የተሠራ ነገር በዕድሜዬ አላገኘሁም፤ ካስተካከላቸው በኋላ የመታሁባቸው ያን ጠዋት ብቻ ነው።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ እንግዲህ ማንበብ ትችላላችሁ ማለት ነው። ከእናንተ መካከል ማንበብ የማይችል አባት ወይም እናት ያለው ብዙ ነው። ወረቀት ሲያዩ ወደ እናንተ ዞረው «ምን ይላል?» ይላሉ፤ የምትሉትንም ያምናሉ። ያ እምነት በእጃችሁ የተያዘ ስለታም ነገር ነው። እኔ አልዋሸሁም፣ ጽሑፉ በእርግጥ እንዲያ ይል ነበር። ግን ጽሑፉን ያነበብኩት እጄ የነገረኝን ላለመስማት ነው፤ አባቴ ደግሞ የራሱን ጆሮ ትቶ የእኔን ዓይን አመነ። ይኸው ነው ያጠፋሁት። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ «ስለምንድን ነው?» ብሎ መለሰልኝ። እንዳልገባው ሆኖ ነው ወይስ በእውነት አልገባውም፣ እስካሁን አላውቅም።

ባለፈው የገበያ ቀን ያ የሁምቦ ገበሬ ተመልሶ መጣ። ከመኪና የወለቀ ወፍራም ብረት ይዞ ነበር፤ መቆፈሪያ ይሠራልኝ አለ። አባቴ ግንዱ ላይ ተቀምጧል። ብረቱን ተቀብሎ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው፤ አውራ ጣቱ ጎርበጥ ያለ ነገር አገኘና ቆመ።

«ታ ናዓው፣ ይሄ ጽሑፍ ነው?» አለኝ። «ምን ይላል?»

ጎንበስ ብዬ አየሁት። ጽሑፍ ነበር። ሁለት መስመር፣ በደንብ የሚነበብ።

«ጽሑፍ አይደለም፣ አባ። ዝገት ነው» አልኩት። «አንተ ስማውና ንገረኝ።»

ትንሿን መዶሻ አቀበልኩት። ብረቱን በግራ እጁ አንጠልጥሎ ነካ አደረገው፤ ጆሮውን አስጠግቶ ድምፁ እስኪያልቅ ጠበቀ። ሰውዬውም እኔም ትንፋሻችንን ይዘን ቆምን።

«ደህና ነው» አለ። «አሙቀው።»

ወናፉን ያዝኩ።